በጥር የለመለመ ሳር

እኔ ቶሎ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፣ ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩንባ ሲነፋ እደነግጣለሁ፣ አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሜን ሲጠራ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ እደነግጣለሁ። እናቴ «አንቺን የፈጠረሽ ለማስደንገጥ ቸኩሎ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ግን ሌላው ድንጋጤ መጥቶ ይሄዳል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። የዚያ የጥር ወር ጠዋት ድንጋጤ ግን አልሄደም። ዛሬም ሳር በታጨደበት በኩል ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ መንገድ እቀይራለሁ።

በጋይንት ደጋ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ፣ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ የውበትና የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ ነበርኩ። የማዕረጉ ርዝመት እንዳያሳስታችሁ። ያለኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልዘጋ ያለ መሳቢያና መስኮቱን ባለፈ ቁጥር ወረቀቴን የሚበትን ነፋስ ነበር። ከተማችን እያደገች ነው ይባላል፤ እውነትም እያደገች ነበር። ሱቅ በሱቅ ላይ ይሠራል፣ ባንክ ይከፈታል፣ ፎቅ ይጀመራል። የማያድገው ሰው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ከወገዳ በኩል በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሲናጥ የመጣ መንገደኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ የሚቀመጠው የገዛ ጆንያው ላይ ነው። ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው ማውራት ከፈለጉ ያላቸው ምርጫ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ለቅሶ ቤት ነው። ይህ ያናድደኝ ነበር። ሰው ለማረፍ ሰው መሞት አለበት ወይ እያልኩ ስብሰባ ላይ ስናገር ይስቁልኛል እንጂ የሚመልስልኝ አልነበረም።

ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ሜዳ ነበረን። ተማሪ ሆኜ ለፈተና ያጠናሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ደብተሬን ነፋስ እንዳይወስደው ጫማዬን አውልቄ እጭንበት ነበር። ያን ሜዳ መናፈሻ ለማድረግ ዕቅድ ጻፍኩ፣ ተመለሰ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ጠፋ። በሦስተኛው ዓመት ተፈቀደ፤ የተፈቀደውም በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። በጥር ወር ከበላይ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ይመጣል፤ ኮሚቴው ቦታው ለምልሞ በዓይኑ ካየ ሜዳው በከተማው ፕላን ላይ መናፈሻ ተብሎ ይጸናል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ለምልሞ ካላየ ግን ባዶ መሬት ነው ተብሎ ለሱቅ ይሸነሸናል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

በጥር ለምለም ነገር ማሳየት! ደጋውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። በጥር እኛ ዘንድ ያለው የገብስ ቃርሚያና ውርጭ ነው። ማለዳ ስትወጡ መሬቱ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። እኔም ባልስቅ እንኳ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ተስፋዬን የመለሱልኝ የሜዳው ጥበቃ ሆነው የተቀጠሩት ሽማግሌ ናቸው።

ከስማዳ ገጠር የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ገብስና ባቄላ ሲያርሱ ኖረው፣ ጉልበት ሲደክም ከተማ ያለች ልጃቸው ዘንድ ተጠጉ። ጥበቃ ተብለው ቢቀጠሩም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያውቁበትም። በክረምቱ ከወንዝ ዳር ሰርዶ እየነቀሉ አመጡና በመስመር በመስመር ተከሉት፤ ሳር እንደ ሽንኩርት ችግኝ ሲተከል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በጋው ሲገባ ከቦኖ በጀሪካን እየተሸከሙ ያጠጡት ጀመር። በጣም ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚያጠጡት። ለምን በዚያ ብርድ እንደሚለፉ ስጠይቃቸው «ውርጩን ተፊቱ ላጥብለት ብዬ ነው እታለም፤ ፀሐይ ተውርጩ ጋራ ታገኘችው ታቃጥለዋለች» አሉኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ይህን አልተማርኩም። ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ አካባቢው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሜዳ ብቻውን አረንጓዴ ነበር። አግዳሚ ወንበሮች አስደረግን። ከመናኸሪያ የሚወጡ መንገደኞች አጥሩ ጋ ቆመው ያዩታል፤ ገብቶ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ እንኳ አያውቁም። አንዲት እናት ሕፃን ልጇን አቅፋ «እዚህ መቀመጥ ይፈቀዳል?» ስትለኝ ዕንባዬ መጣ።

ጥር ግን የሰርግ ወር ነው። ሰርግ ደግሞ ያለ ጉዝጓዝ አይሆንም። በከተማው ውስጥ የቀረ ለምለም ሳር ያ ብቻ ስለሆነ የሚጠይቅ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። ሽማግሌው ሁሉንም መለሱ። ጎረቤት መጣ፣ መለሱት። የጠጅ ቤቱ ባለቤት ጠጅ ሊያጠጣቸው ቃል ገብቶ መጣ፣ መለሱት። ለጥምቀት የታቦቱ መንገድ ላይ የሚጎዘጎዝ እንዲሰጧቸው እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ አንድ መሪጌታ ራሳቸው መጡ። ይህን ጊዜ እኔ ፈራሁ፤ ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው ተሳልመው «አባቴ፣ ይህ የአደራ ነው፤ ታቦቱም አደራ ብላ አይለኝም» አሉ። መሪጌታው ሜዳውን ቆመው አዩትና «እውነትዎን ነው፣ ይቆይ» ብለው ወንዝ ወርደው ቄጠማ አስመጡ።

ከዚያ የራሳቸው ልጅ ሰርግ ደረሰ። የታናሽየዋ። ተጠርቼ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ የተጎዘጎዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ተረከዜ አዳለጠኝና ከሙሽራዋ ሚዜ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሴቶቹ «አባቷ ሳር እየጠበቀ ልጁን በባሕር ዛፍ ዳረ» እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። በማግስቱ ሳገኛቸው ተቆጣሁ።

«አባባ፣ ለልጅዎ አንድ እቅፍ ቢወስዱ ማን ይናገርዎት ነበር?»

«የሚናገረኝማ የለም» አሉ። «ለልጄ ታጨድሁ ግን ነገ ማንን እከለክላለሁ? ኮሚቴው ይምጣና ይይልን። ተዚያ በኋላ ለልጅ ልጄ ክርስትና እንጠይቅሻለን።»

ይህን ሁሉ የማወራው ሰውዬው ማን እንደነበሩ እንድታውቁልኝ ነው። አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አለቃዬ በየሩብ ሰዓቱ ይደውልልኝ ነበር። ድንኳኑ ተተከለ? ወንበር መጣ? ማይኩ ይጮሃል? በእጄ ላይ ዝርዝር የያዘ ወረቀት አለ። ዝርዝሩን ካለፈው ዓመት አንድ ሌላ ዝግጅት ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ማይክ፣ ሳር ጉዝጓዝ፣ የታሸገ ውሃ። በየተራ እያጣራሁ እሰርዛለሁ። «ሳር ጉዝጓዝ» ላይ ስደርስ ሽማግሌው አጠገቤ ቆመዋል፤ እኔ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ የውሃ አቅራቢው እስኪያነሳ እየጠበቅሁ ነው።

«አባባ፣ ነገ ማለዳ ድንኳኑ ውስጥ ሳር ይጎዝጎዝ» አልኳቸው።

«ሳር?»

«አዎ። ለምለም ይሁን፤ ደረቅ እንዳይሆን። እንግዶቹ ፊት እንዳያሳፍረን።»

ወደ ሜዳው ዞር አሉ። ለምን እንደዞሩ አሁን ነው የገባኝ፤ ያኔ ልብ አላልኩም። «ብዙ ነው?» አሉኝ።

«ድንኳኑን የሚሞላ።»

«እታለም… ትእዛዝ ነው?»

የውሃ አቅራቢው ስልኩን አነሳው። «ሃሎ!» አልኩና ስልኩን በእጄ ከልዬ ወደሳቸው ዞርኩ። «ትእዛዝ ነው አባባ! ትእዛዝ ነው!» ፊታቸውን እንኳ በደንብ ሳላይ ሄድኩ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በመናኸሪያው በኩል ስለመጣሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሜዳውን ጋርዶ የቆመውን ድንኳን ነው። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሳሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። አረንጓዴው ዓይን ይወጋል፤ ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ሽታው የሐምሌ ሽታ ነው። ሽማግሌው በአንዱ ጥግ ጎንበስ ብለው የመጨረሻዋን እቅፍ ይበትናሉ።

«አባባ እጅዎ ይባረክ!» አልኳቸው። «እንዲህ ያማረ ጉዝጓዝ በሕይወቴ አላየሁም!»

ቀና ብለው አዩኝ። አልሳቁም። «አንቺ ታልሽ ብዬ ነው» አሉ።

እየፈነደቅሁ በወዲያኛው በር ወጣሁ። ወጣሁና ቆምኩ።

ሜዳው የለም። እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ቦታው አለ፣ አጥሩ አለ፣ ወንበሮቹ አሉ፤ ሜዳው የለም። ከዳር እስከ ዳር የነጣ ገለባ መሬት ነው። እንደ ገብስ አጨዳ ነው ያጨዱት፤ ከሥር፣ በንጽሕና፣ አንዲት ዘለላ ሳያስቀሩ። ማጭዱ አግዳሚው ወንበር ላይ ተጋድሟል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሌባ ነው ብዬ ነው፤ እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ አሰብኩ። ከዚያ ዞሬ ድንኳኑን አየሁ። እንደገና ሜዳውን አየሁ። ጆሮዬ ውስጥ «ለምለም ይሁን» የሚለው የራሴ ድምፅ መጣ፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን አደረጉ?» አልኩ። «አባባ፣ ምን አደረጉ?»

«እኔማ ጠየቅሁሽ።»

«ከሌላ ቦታ ነው እንጂ!»

«ተየት?» አሉ፤ በእጃቸው አገሩን ዞረው አሳዩኝ። ኮረብታው ቢጫ፣ የእርሻው መሬት ቢጫ፣ ወንዙ ዳር የነበረው ቄጠማ ለጥምቀት አልቋል። «ተየት ላምጣው እታለም? በጥር ለምለም ሳር ተዚህ ሌላ የት አለ? ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርሁ። ለልጄ ሰርግ ያልነካሁትን… ግን ትእዛዝ ነው አልሽ። እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ያለንን ብናነጥፍለት ነው አልሁ።»

ያለንን ብናነጥፍለት። እሳቸው ዘንድ ነገሩ ቀጥተኛ ነው፤ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ያፈራው ጥሩ ነገር ይቀርብለታል። እሳቸው ባደጉበት አገር በጉ ለማን እንደሚታረድ ይታወቃል። የተማርኩት እኔ ነኝ ዝርዝር ገልብጬ፣ መናፈሻ ለማስመረቅ መናፈሻውን አስነጥፌ የቆምኩት። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሌላ አገር ይኖር ይሆን ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። የሚኖር አይመስለኝም።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። መኪናዎቹ ደረሱ። አለቃዬ እየሮጠ በር ከፈተ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጨዋ ሰው ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ቆም አለና ጫማውን አየ። «እናንተ!» አለ። «በዚህ ውርጭ ይህን የመሰለ ሳር ከየት አገኛችሁ?» ሁሉም ሳቁ። አለቃዬ ኮራ ብሎ አጨበጨበ። እግራቸውን ሳሩ ውስጥ እያሹ ንግግር ተናገሩ፣ የታሸገ ውሃ ጠጡ። እኔ ከኋላ ቆሜ የጫማዎቹን ሶል አያለሁ።

ከዚያ ሰብሳቢው ተነሣ። «በሉ እንግዲህ፣ መናፈሻውን አሳዩን።»

በወዲያኛው በር ወጡ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «የታለ?» አለ።

አለቃዬ ወደኔ ዞረ፣ ሜዳውን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ዓይኑ ማጭዱ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ላይ። «ጥበቃው ነው!» አለ። «ይኸው ማጭዱ! ሳያስፈቅድ፣ በሌሊት አጭዶት ነው! ትናንት ለምለም ነበር፣ ሰው ሁሉ ይመስክር!»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩት። «እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው» የምትለው ዐረፍተ ነገር ጥርሴ ላይ ደርሳለች። ከአፌ የወጣው ግን «ወንበሮቹን በዚህ በኩል ማየት ይቻላል» የሚል ነው። በዕድሜዬ ከሁሉም የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። ሜዳውን ሳየው ከደነገጥኩት የበለጠ ነው። ወንበሮቹን! እኔ እኮ ስብሰባ ላይ በኃይለ ቃል የምታወቅ ሴት ነኝ። አለቃዬን ፊት ለፊት የምሞግተው እኔ ነኝ። ለካ ያ ሁሉ አፍ የሚሠራው የራሴ እንጀራ እስካልተነካ ድረስ ኖሯል።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። አጋልጡኝ ብዬ ለመንኩ በልቤ፤ አላጋለጡኝም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አደግድገው፣ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ አሉ።

«እኔ ነኝ ያጨድሁት ጌታዬ። ሰርዶ ነው፣ ሥሩ አለ። ውሃ ታገኘ ቢበዛ በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ትንሽ ቀን ስጡንና ተመልሳችሁ እዩት።»

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሳቀ። አብረውት የመጡትም ሳቁ። «ሦስት ሳምንት!» አለ አንዱ። የኮሚቴው ጸሐፊ ጉልበቱ ላይ ወረቀት አድርጎ ሲጽፍ ከጀርባው አነበብኩት። «በቦታው አረንጓዴ ነገር አልታየም» ይላል። ወደ መኪናቸው የተመለሱት በድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ሳሩን እየረገጡ።

ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ። ደብዳቤውን የጻፈችው የቢሯችን ጸሐፊ ናት፣ የፈረመው አለቃዬ ነው፣ ወስጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማይችሉ ምን ይላል አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ደኅና» አሉ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ያን ጊዜም ልናገር እችል ነበር። አለቃዬ ቢሮ ለመድረስ አሥር ርምጃ ነው። አሥሯን ርምጃ እቆጥራታለሁ እስከዛሬ።

ቀጥሎ ሜዳው ተሸነሸነ። ሜትሩን በአንዱ ጫፍ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ የመሬት ባለሙያው ታሞ ሰው ጠፋ ተብሎ። ችካሎቹ ሲመቱ አንዱ ችካል ያቺ እናት «መቀመጥ ይፈቀዳል?» ያለችኝ ወንበር ሥር ላይ አረፈ። ወንበሩን ነቅለው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ቢሮ እገባ ነበር።

የካቲት ሲጋመስ አንድ ማለዳ ዘመድ ለመሸኘት የግድ በዚያ በኩል አለፍኩ። አውቶቡሱ እንደወጣ ፊቴን ላዞር ስል ዓይኔ በአጥሩ መሃል ገባ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

አረንጓዴ ነው። ከዳር እስከ ዳር። ከበፊቱ ይበልጥ የተጠጋጋ፣ ይበልጥ የወፈረ፤ አጨዳው የጠቀመው ነው የሚመስለው። በመሃሉ ችካሎቹ በረድፍ ቆመዋል። በችካሎቹ መሃል አንድ ጎንበስ ያለ ሰው በጀሪካን ውሃ ያንቆረቁራል። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል።

ገባሁ።

«አባባ… ቦታው እኮ ተሰጥቷል። አልሰሙም? ከፋሲካ በኋላ መሠረት ሊቆፈርበት ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ፤ ቀና አላሉም።

«ደሞዝም የለዎትም። ታዲያ በዚህ ብርድ ምን ያደርጋሉ?»

ጀሪካኑን አቆሙት። ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቃኑና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ይመለሳል ብያቸው ነበራ» አሉኝ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት። ውሸታም ሁኜ እንዳልቀር ነው።»

ዕንባዬ ወረደ፣ አልጠረግሁትም። የያዝኩትን ቦርሳ ሳሩ ላይ ጣልኩና ጎንበስ ብዬ ጀሪካኑን ላነሳው እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ቀድመው ያዙት።

«ተይው እታለም» አሉኝ። «ቢሮ ገቢ ነሽ፤ ልብስሽ ይረጥብብሻል።»